በአራት ሰዓት የተንኳኳ በር

ኅዳር 3
ዛሬ ሰባት ማመልከቻ ጣልኩ።
ምክንያቱ ለሁሉም አንድ ነው፦ «በር ዝግ ነበር»። የበጎ አድራጎት ድርጅታችን እርዳታ የጠየቀውን ማኅበር ሳይነግረው ይጎበኘዋል። ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ሁለት ቀን። በሁለቱም ቀን በሩ ካልተከፈተ ማኅበሩ ሥራ የለውም ማለት ነው። ሰባቱም ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ናቸው። የጥቁሮቹ ሰፈር፣ እኔም ያደግሁበት።

ኅዳር 5
እህቴ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።
«አንተ፣ እማማ አዋላጇን ጣልካቸው አሉ?»
በሩ ዝግ ነበር አልኳት።
«በአራት ሰዓት የት ይሁኑልህ? ሆስፒታል ናቸዋ! ምጥ የያዛትን ትተው በር ይክፈቱልህ?»
ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ከአምስት ሴቶች ጋር ሆነው የሰፈሩን ነፍሰ ጡሮች ሆስፒታል ያደርሳሉ፤ አብረው ይቀመጣሉ። ብቻዋን የሄደች ጥቁር ሴት ወረፋዋ እየታለፈ ኮሪደር ላይ ትውላለች። አምና አንዷ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወለደች። ልጁ አልተረፈም።
የሚሰበሰቡባት የኪራይ ክፍል በወሩ መጨረሻ ትወሰድባቸዋለች። የእኛ እርዳታ ካልደረሰ ይበተናሉ።
«የራሳችን ሰው እዚያ ተቀምጦ…» ብላ ዘጋችብኝ።

ኅዳር 6
የዘጠኝ ዓመት ፋይል አወረድኩ። «በር ዝግ ነበር»፦ ከማዶ አርባ ሁለት፣ ከወዲህ ከነጮቹ ሰፈር ሦስት።
የማዶ ሰው በአራት ሰዓት ቤቱ ምን ይሠራል? የወዲህን ቢሮ እየወለወለ ነው። የእኛንም ጭምር።
ደንቡን ማን ጻፈው? ፊርማው የኔ ነው። አጭበርባሪ ለመያዝ ብዬ። ያኔ ተጨብጭቦልኝ ነበር…

ኅዳር 9
ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት።
«ዘረኞች ናችሁ ልትለን ነው?»
«የጻፍኩት እኔ ነኝ። መልኬን ታየዋለህ።»
ሳቀ። ቆይቶ ሳቁን ተወው። ግማሽ ቀን ስልጠና ይሰጥ አለ። ስለ እኩልነት ባነር ይሠራ፣ ፎቶ እንነሳ። «አንተ መሃል ትቆማለህ።»
ለፎቶ ሲሆን መቼ ዳር ቆሜ አውቃለሁ?

ኅዳር 14
ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ጉብኝቱ እነሱ በሚገኙበት ሰዓት ይሁን አልኩ። አርባ ሁለቱ እንደገና ይታዩ። ከማዶ ሁለት ሰዎች ቦርዱ ውስጥ ገብተው ድምፅ ይኑራቸው።
«ድምፅ?» አሉ ሰብሳቢዋ። «ተረጂው ራሱ ሊፈርድ?»
«እስከዛሬ እኔ ፈረድኩ፣ ክብርት ሰብሳቢ። ያመጣሁትን ይኸው አያችሁት።»
ሁሉም ለከርሞ ይቆይ ተባለ። የአዋላጇ ብቻ፣ አዲስ የጉብኝት ሪፖርት እስከ ኅዳር 20 ሥራ መውጫ ከደረሰ ይታያል።
ለከርሞ አልጠብቅም። በየስብሰባው እጠይቃለሁ።

ኅዳር 18
ሥራ አስኪያጁ መፈናፈኛ አሳጣኝ። ወንበር አስመጣ፣ ማይክ ፈልግ፣ ፎቶ አንሺ ጥራ… ሁሉም ለስልጠናው። እያወቀ ነው? እንጃ። እኔስ ለምን እሺ እላለሁ?

ኅዳር 20
የምጽፈው ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ባነሩን አምጣ ተብዬ ተልኬ። የሪፖርቱ ቀን ዛሬ ያልቃል።
ለአዋላጇ ደወልኩ።
«ዛሬም በሩ ዝግ ነው ልጄ» አሉኝ። «አንዷን ይዘን ሆስፒታል ነን። ከጠዋት ጀምሮ ዞር ብሎ ያያት የለም።»
«እዚያው እመጣለሁ። ያላችሁበትን አይቼ እጽፋለሁ።»
ደንቡ በር ይላል። ይበላ።
አታሚው ብቅ አለ። «ቀለሙ አልደረቀም፣ ሃያ ደቂቃ ይታገሱኝ።»
«አልታገስም።»
«ኧረ ጋሼ! ባነሩስ?»
«የፈለገው መጥቶ ይውሰደው።»
የጉብኝት ሪፖርቱ ቅጽ ኪሴ ውስጥ አለ። ወጣሁ።