ከምግብ በኋላ

ለእኅቴ ለእናትነሽ እጅጉ፤
ሐዋሳ

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እንደምንስ ከረምሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ፊት መቀመጡ አልጎዳሽም ወይ? የሐዋሳውስ ሙቀት ለመደሽ? እኛ የእማ ጎዶሎ እንዳለ ሆኖ አባባም፣ እኔም፣ ትንሿ እኅታችን ሄቨንም በጤና አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። በርበሬው ተለቅሞ ግቢው ቀይ ሆኗል። ጧት በሩን ስከፍት ሌሊት ሰው መጥቶ ምንጣፍ ያነጠፈልን ይመስለኛል፤ ጫማዬን ላውልቅ እላለሁ።

መልእክትሽ ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ደርሶኛል። «እማ ስትወድቅ ጭንቅላቷን ታቅፋ ሐኪም ቤት ያደረሰቻትን ልጅ አንተ ጣልሃት ወይ?» ይላል። ሰላምታ እንኳ የለውም። በስልክ ልመልስልሽ ሞክሬ ነበር፤ ግን እማ ብዬ ስጀምር ድምፄ ይቋረጥብኛል፣ አንቺም ኔትወርክ መስሎሽ ሃሎ ሃሎ ትያለሽ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ ነው።

እንደምታውቂው ጓደኛሽና ጎረቤታችን አቻምየለሽ እዚህ ኮሌጅ ፋርማሲ ስትማር የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ፈተናው ተቀይሯል። ድሮ በወረቀት ብቻ ነበር አሉ፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በትክክል የጻፈ ያልፋል። አሁን መምህር ቴዎፍሎስ የሚባሉ አዲስ አስተማሪ መጥተው፣ መድኃኒቱን ለሰው ማስረዳት ያልቻለ አይመረቅም አሉ። ከከተማው ሰው ይጠራና ታማሚ ወይም አስታማሚ ሆኖ ይቀመጣል። ተማሪው መድኃኒቱን ሰጥቶ ያስረዳዋል። ከዚያ ሰውየው የገባውን በገዛ አፉ መልሶ ይናገራል፤ ይህን ይዤ ቤቴ ብገባ እችለዋለሁ ወይም አልችለውም የሚለውም እሱው ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሲሰሙ «የበርበሬ ነጋዴ ሊፈትነን ነው!» ብለው ሲሳሳቁ፣ መምህሩ «የሚውጠው እኮ የበርበሬ ነጋዴው ነው፤ እኔ አይደለሁም» አሏቸው አሉ።

ትምህርት ቤታችን መጥተው ፈቃደኛ ሲጠይቁ እጄን አወጣሁ። ለእኔ የደረሰኝ ታሪክ ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስድ የመጣ ልጅ ነበር። መምህር ቴዎፍሎስ ስለ እኛ ቤት የሚያውቁት ነገር የለም። ፊቴን አይተው ግን «ሌላ ልቀይርልህ?» አሉኝ። «አይ፣ ይሁን። ግን እናቲቱ ትጾማለች» አልኋቸው። እርሳሳቸውን አስቀምጠው «እስኪ ንገረኝ» አሉ። ያን ቀን ለሳቸው የነገርኋቸውን፣ ሩቅ ስለነበርሽ ያልሰማሽውን፣ ዛሬ ለአንቺም ልንገርሽ።

እማ መድኃኒቱን ስትቀበል «ጧትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ብቻ ነው የተባለች። ኋላ ዐቢይ ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምስ ታውቂያለሽ። ጧት ምግብ የለም፤ ምግብ ከሌለ ደግሞ ከምግብ በኋላ የሚባል ነገር የለም። የጧቱን ተወችው። አባባ «ምነው ኪኒኑን?» ሲሏት «ከምግብ በኋላ ነው የተባልሁት፤ ከተባልሁት ውጭ አላደርግም» አለች። ለሁላችንም ትክክል መሰለን። በደብረ ዘይት ሳምንት ወደቀች። ከቀብሩ በኋላ ሙዳይዋን ስንከፍት የጧቶቹ ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋል። እታለም፣ እማ ያጠፋችው ነገር የለም። የተባለችውን ነው ያደረገች።

መምህር ቴዎፍሎስ ሰምተው ሲያበቁ «በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ትጾም እንደሆነ አለመጠየቋ ግን ጉድለት ነበር ልጄ» አሉኝ። ጾሙን በታሪኩ ላይ ጨመሩት፤ ካልተጠየቅሁ እንዳልናገርም አስጠነቀቁኝ።

የፈተናው ዕለት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። መስኮቷ ወደ ባሕር ዛፎቹ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ የቅጠሉ ጥላ ግድግዳው ላይ እንደ ላህ ወንዝ ይሄዳል። ተማሪ ይገባል፤ መድኃኒቱ ለማን እንደሆነ ይጠይቀኛል። ለእናቴ እላለሁ። የት ናት ይለኛል። ቤት ናት እላለሁ። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም እታለም፤ ቤት ናት ስል ቤት ነበረች። ነጠላዋን አገልድማ በርበሬ ስትገለብጥ አየኋት። ቶሎ መድኃኒቷን ይዤላት ልግባ የሚል ችኮላ ያዘኝ። ተማሪው ስለ ጨው ይነግረኛል፣ ስለ ማዞር ይነግረኛል፣ ከምግብ በኋላ ይለኛል፤ አልችለውም ስል ይወጣል። እሷም ከግቢው ትጠፋለች። ሌላው ሲገባ ደግሞ ተመልሳ ትቆማለች። አንድ ከሽንዲ የመጣ ተማሪ ብቻ ሊሰናበተኝ ሲል ቆም ብሎ «እናትህ ጾም ይይዛሉ እንዴ?» አለኝ። ያኔ እማ ቀና ብላ ያየችኝ መሰለኝ።

አቻምየለሽ የገባችው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን እንደማታውቀኝ ሆና ጀመረች። ከሁሉም ይበልጥ ደስ የሚል አነጋገር የእሷ ነበር። እያንዳንዱን ነገር ቀስ አድርጋ ነገረችኝና «ጧትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ፣ እሺ የኔ ወንድም?» አለች። ጥያቄዋን ጠበቅሁ። እማ እንደምትጾም እሷ ታውቃለች እኮ፤ ቅዳሴ አብረው የሚቆሙ ናቸው። ስለምታውቅ ይሆን ያልጠየቀችኝ? መምህሩ የገባኝን እንድናገር አዘዙኝ። «እናቴ ጧት ምግብ የላትም። ስለዚህ የጧቱን አትውጠውም» አልሁ። ይህን ይዘህ ቤትህ ብትገባ ትችለዋለህ ሲሉኝ፣ አልችለውም አልሁ። አቻምየለሽ አንገቷን ደፋች።

እችለዋለሁ ብል ፈተናውን ታልፍ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ግን እንዲያ ብዬ መድኃኒቱን ይዤ ወደ ማን ልሂድ? እማ ግቢ ውስጥ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገምቺው። ወንድሟ አለኸኝ ባጃጁን አቁሞ «ዶክተር ደሴ! ጫማህን ጠበቅ አድርገህ እሰር፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንተን የሚጭን ባጃጅ የለም» አለኝ። እናታቸውም በአጥር በኩል እሳት መለመን ተዉ። አባባ «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው» አሉኝና፣ ትንሽ ቆይተው «ጎረቤትም ግን ጎረቤት ነው» ብለው ተከዙ። እኔም እማን በሕልሜ ባያት ብዬ ብተኛ ብተኛ አልመጣ አለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቻምየለሽ ራሷ መጣች። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ድጋሚ ፈተናው ኅዳር 15፣ ሰኞ ነው፤ አስታማሚ የሚሆነው ግን ሌላ ሰው ነው። «እስኪ እኔ ልለማመድ፣ አስታማሚ ሁንልኝ» አለችኝ። እንቢ ስላት «አሃ! ከጣልኸኝ በኋላ ነው ፍርሃቱ?» አለችና ሁለታችንም ሳቅን። በመድኃኒቱ ፈንታ በነጠላዋ ጫፍ ሽምብራ ቋጥራ ነበር።

እንደገና ጀመረች። ስንት ሰዓት ትነሣለች፣ ምን ትበላለች፣ ቤት ውስጥ ማን አለ፣ ሁሉን ጠየቀችኝ። «ትጾማለች?» አለችኝ። «ትጾማለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።» አልኋት። በግቢው ያለው በርበሬ ፀሐይ ሲነካው የሚንሿሿው ይሰማ ነበር። ከዚያ «ብቻዋን እንዳትወስን። ሐኪሟን አማክረን ሰዓቱን ከጾሟ ጋር እናስማማላታለን፤ እስከዚያው ግን የጧቱን እንዳትተወው፣ አደራ በላት» አለች። ቃል በቃል መለስሁላት። ሽምብራውን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ይዤ ተነሣሁ፤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከእማ አልጋ ስደርስ ነው እጄን ያየሁት። አቻምየለሽ ተከትላኝ በሩ ላይ ቆማለች። «ገባህ?» አለችኝ። ገባኝ፣ እችለዋለሁ አልኋት። ያን ሌሊት እማ መጣች።

እታለም፣ እኔን ብትቆጪኝ ግድ የለም፤ ለእሷ ግን ከሰኞ በፊት ደውይላት። ካንቺ ቃል እየጠበቀች ነው።

አባባ በእማ ነፍስ ምለው እንዳትሰጊ ብለዋል፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ ግፊታቸውን ሊለኩ ነው፤ አቻምየለሽ ናት የምትወስዳቸው። አለኸኝ «እሳቸውን በባጃጅ፣ ደሴን በእግሩ» ብሎ ሰላም ብሎሻል። እናታቸውም ትናንት እሳት ሊለምኑ መጥተው ስምሽን አነሡ። ሄቨን አልጋው ላይ የተውሁትን ሽምብራ ቆርጥማ ጨርሳው ስቆጣት «ከምግብ በፊት ነው የበላሁት!» አለችኝ፤ ጉንጭሽን ትስማለች። አብረውሽ የሚኖሩትን ልጆች በስማቸው ባላውቃቸውም ሁሉንም ሰላም በዪልኝ።

ወንድምሽ ደሴ እጅጉ
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.