መሃል ላይ የዋለው ቅጽ

ሐሙስ፣ ጥር 14፣ ጅማ

ዛሬ ደስታ ሊገድለኝ ነበር! አለቃዬ በየዓመቱ «የቡ ከተማ ላይ የሰው ገቢ ጨመረ ወይስ አልጨመረም?» ሲለኝ፣ ቤት ለቤት ዞረን ከምንሞላው የገቢ ቅጽ የምናወጣው ግምት ስህተቱ ሰፊ ስለሆነ «መናገር አይቻልም» እያልኩ መሳቂያ ሆኜ ነበር። የዘንድሮው ግን ሊኖር የሚችለው ስህተት ሁሉ ተቀንሶ እንኳ ከአምናው በለጠ። ጨምሯል! ቢሮው ድረስ ሮጬ ነገርኩት።

ከዚያ ቅጾቹን ከትንሹ ገቢ ወደ ትልቁ ደርድሬ፣ ልክ መሃል ላይ የዋለው (ግምታችን የሚወሰደው ከእሱ ነው) የማን ቤት እንደሆነ ለማየት ጓጓሁ። የእማማ ዘሃራ ሆኖ አረፈው፤ የሞላሁትም እኔው ነኝ። ያን ቀን ገቢያቸውን ስጠይቃቸው «ወላሂ ልጄ፣ የቡናውን ብር መቼ ቆጥሬው አውቃለሁ? አንተው ገምተህ ጻፈው» ብለውኝ፣ እየሳቅኩ የመጣልኝን ቁጥር ጻፍኩት።

እንዲህ እየሳቅኩ የስንት ቤት ቅጽ በግምት ሞልቼ ይሆን…