ስለ በሬያችንና ስለ ቤንዚንዎ

ለክቡር አቶ ሙላቴ
የአየር ላይ አንበጣ ቅኝት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ነጩ መኪናዎ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ብዬ አምናለሁ። እኛም ከሐሙሲት ወደ ወንዛዬ በሚወስደው መንገድ ዳር የምንኖር ገበሬዎች፣ የፈጣሪ ስም ይክበር፣ አለን። ፈንታነሽ እባላለሁ፤ የይሻው ባለቤት ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ በሬያችንን አይረሱትም፤ ባለፈው ኅዳር አውሮፕላን ጣለ ብለው በሕዝብ ፊት የመሰከሩበት ቀዩ በሬ ነው። እርስዎ በአደባባይ ስለተናገሩ እኔም በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለሥራ ብዛትዎ እንዲቀልልዎ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ. የአውሮፕላኗን አወዳደቅ በሚመለከት።

በዚያ ቀን ይሻውና ጎረቤቶቻችን ጤፍ ያጭዱ ነበር፤ እኔ ምሳ ይዤ መድረሴ ነው። ትንሿን አውሮፕላን አንበጣ ፍለጋ ስትመላለስ እናውቃት ስለነበር ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ሞተሯ ማሳል ሲጀምር ግን ሁሉም ማጭዱን አቆመ። ከዚያ ድምጿ ጭራሽ ጠፋ። ጸጥታ እንዲያ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ሜዳው ያለው አጫጆቹ በቆሙበት በኩል ነው፤ አብራሪዋ ወደዚያ መውረድ ትችል ነበር። እሷ ግን ከሰዎቹ ራስ ላይ ጠምዝዛ ወደ ፈፋው ወሰደቻት፤ ጎማዋ ከፈፋው አፍ ተሰነቀረና አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተተከለች።

ሮጠን ስንደርስ አብራሪዋ፣ ሰላማዊት የምትባለው ልጅ፣ እግሯ ከብረቱ ሥር ታጥፎ፣ ግንባሯ ይደማል። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል «ሰው ነካሁ?» የሚል ነበር።

ይሻው «ማንንም አልነካሽም፣ ልጄ። አትንቀሳቀሺ፣ እናወጣሻለን» አላት። ነጠላዬን ቀድጄ እግሯን አሰርሁላት።

እርስዎም ዘግይተው ደረሱና ከመኪናዎ ሳይወርዱ «ሞተሩ ይተርፋል?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ሰዓት ስለ አንድ ነገር ነፍስ በመጨነቅዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ቤንዚኑን በሚመለከት።

እርስዎን ስንጠብቅ ሰላማዊት ጥርሷን ነክሳ የብርጭቆ ዕቃ ለመነችን። እኔ ከቤት ብርሌ አመጣሁ፤ ይሻው እሷ እንዳሳየችው ከታንኩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፍቶ ቀዳበት። ብርሌው ረጋ ሲል ውሃው ከሥር ተኛ፣ ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፈፈ።

«አየሽው፣ እትዬ ፈንታነሽ? ሞተሩ ውሃ ነው የጠጣው» አለችኝ።

እኔ የሞተር ነገር አላውቅም፤ እሷ ናት ያስረዳችኝ። በርሜልዎ በደብረ ታቦር ብርድና ፀሐይ ጎድሎ ሲውል ሲያድር ውስጡ ያልበዋል፣ ላቡም ውሃ ሆኖ ከሥር ይጠራቀማል። በርሜሉ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ሞልቶ ይደር፣ የሞተሩም ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ ይቀየር ብላ ደጋግማ ብትለምንዎ መልስዎ «ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው» ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእርስዎ ቤንዚን እያደር መደፍረሱን ግን አባቶቻችን አልነገሩንም።

በዚያ ጠዋት ሰላማዊት ከታንኩ ሥር በእጇ ቀድታ፣ የወረደው ውሃ የሌለበት መሆኑን አይታ ነበር። እርስዎ ከባሕር ዳር ከመጡት እንግዶች ጋር ፎቶ እንድትነሣ ጠሯት፤ እሷ እዚያ ቆማ ፈገግ ስትል «ቶሎ ሙላው፣ እንግዳ አናቁም» ብለው የንብረት ክፍሉን ብርሃኑን አዘዙት፤ እሱም ከበርሜሉ እንጥፍጣፊ ጨመረበት። ለእሷ የነገራት ሰው አልነበረም።

ብርሌውን ሳሳይዎ «ይህ ጠል ነው» ብለው ከእጄ ወስደው ቃርሚያው ላይ ደፉት። በቀትር የወረደ ጠል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብርሌውን ስለመለሱልኝ ግን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫ኛ. በሬያችንን በሚመለከት።

በሐሙሲት ስብሰባ ተነሥተው «በሬ ሜዳው ላይ ገብቶባት ነው፣ እሷም ተደናግጣ ነው» አሉ። በሬው በዚያ ሰሞን ከወንዛዬ ማዶ አማቴ ዘንድ ጤፍ ያበራይ ነበር። ከወንዛዬ ማዶ ሆኖ እኛ ማሳ ድረስ አውሮፕላን የሚያስደነግጥ በሬ ካለን ዋጋው ስንት እንደሚሆን እንጃ።

ይህ አልበቃ ብሎዎ ደግሞ ቤታችን ድረስ መጡ። መደባችን ላይ ተቀምጠው ይሻውን «በሬው ነው ብትሉ ምን ይጎዳችኋል? በሬ አይታሰርም። ማዳበሪያ ሲመጣ እኔ አለሁላችሁ» አሉት። ማሳችን ያለ ማዳበሪያ ምን እንደሚሆን እርስዎም እኛም እናውቃለን፤ ይሻውም ተነሥቶ ጠላ ቀዳልዎ። እኔ ባሌን የተጠራጠርሁት ያኔ ነው።

በመጨረሻ «ጌታው፣ በሬው አይታሰርም። ልጅቷ ግን እንጀራዋን ታጣለች» አለዎትና እስከ በር ድረስ በክብር ሸኘዎት። እኔ ብሆን ውሻውን ፈትቼ ነበር የምሸኝዎት፤ የእሱን ትዕግሥት ስላልታደልሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከዚያ መርማሪዎች ከላይ መጡ። እኛ ያየነውን ተናገርን፤ ብርሃኑም ማን እንዳዘዘውና ከየት እንደቀዳ ተናገረ። ሰላማዊት ነፃ ወጣች። እግሯ ውስጥ ብረት ገብቶ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ደብረ ታቦር ሄጄ ስጠይቃት «መልሼ እበርራለሁ» ስትለኝ አልቅሼ ነው የወጣሁት። እርስዎ ከተኛችበት ሐኪም ቤት አንድ ቀን እንኳ ብቅ እንዳላሉ ሰምቼ፣ የሥራ ጫናዎ አሳዘነኝ።

አሁን ደግሞ አዲስ አውሮፕላን እንደምትመጣ፣ የነዳጇና የጥገናዋም ነገር ለእርስዎው እንደተሰጠ ሰማን። እንኳን ደስ አለዎት። አንድ ልመና ብቻ አለን፤ የምትበርርበትን ቀን አስቀድመው ያስነግሩልን። አጫጆቻችንን ከሜዳው እናነሣለን፣ ከብቶቻችንን እናስራለን፤ ለአዲሱ አብራሪም ሰፊውን ቦታ እንለቅለታለን። ፈፋው ውስጥ ሌላ ሰው መልቀም አንፈልግም።

ራሴን እስከ መሬት ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን ግን ከሰማዩ ሳልነቅል፣

አክባሪዎ
ፈንታነሽ

ሳልጽፈው ልረሳው የነበረ፦ ከዚያው በርሜል የተረፈው ቤንዚን ባለፈው ገበያ ሐሙሲት ለሽያጭ ወጥቶ ነበር። ባጃጅ ነጂው ሰዒድ ጥቂት ቀድቶ ወደ ፀሐይ ያዘና «ይህን እኔ አልጨምርም፤ ተሳፋሪ ነው የምጭነው» ብሎ መለሰው። ሰዒድ እንኳ ባጃጁ ቢቆምበት ወርዶ ይገፋዋል። አውሮፕላኗን ማን ወርዶ እንዲገፋልዎ አስበው እንደነበር፣ ጊዜ ሲያገኙ ቢጽፉልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።