ቀንድ አውጣችንና ሁለቱ ስታቢላይዘሮች

ሰኞ፣ መስከረም 18

ጅራቷን ቆላች! ጌታውን እንዳየ ውሻ። ለሙከራ አውራ ጎዳናው ላይ አውጥተናት፣ በጎን መስታወት እያየኋት ነበር። አንድ ረጅም የጭነት መኪና በቀኛችን አልፎ ሄደ፣ ንፋሱ መታን፣ ከዚያ የምንጎትታት ባለ አልጋ ካራቫናችን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ባኪያችንንም፣ ፒክአፕ መኪናችንን፣ ከኋላው ይዛ ታወዛውዘው ጀመር። ታምራት፣ ባሌ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከጄፒ፣ ከአበሻው ገበያ፣ ወደ አይቮሪ ፓርክ ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ መሪ በሁለት እጁ ሲይዝ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። ነዳጁን ለቀቀ፤ ቀስ በቀስ ተረጋጋች። ዳር ይዘን ቆምን። ታምራት ሞተሩን አጠፋ። በመጨረሻ፣

"ትንሽ ተጫወተች" አለ።

ተጫወተች! ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ደርባን ያለችው ጓደኛዬ ምሕረት በዚህ በኮሮና ቤት በተዘጋበት ዘመን ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ በመጋቢት ለአባቱ ለቅሶ አገር ቤት ገብቶ፣ በረራ ተዘግቶበት እዚያው ቀረ። ልጅቷን እስከ ዛሬ ከእናቷና ከአዋላጇ በቀር ያቀፋት የለም። ሰማንያ ቀኗ እሑድ ነው፣ ክርስትና እናቷ ደግሞ እኔ ነኝ። ሰማንያ ቀን እንደ ሰርግ አይገፋም።

ታምራት ግን አስም አለበት። ሐኪሙ "ሰው ካለበት ቤት ራቅ" ብሎታል። ለእሱ አውሮፕላን የለም፣ የእንግዳ ማረፊያ የለም። እኔ ብቻዬን ሄጄ በሽታውን ይዤበት ብመጣስ? ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ይህችን አሮጌ ካራቫን ገዛን። የራሳችን አልጋ፣ የራሳችን ምድጃ፣ የራሳችን መጸዳጃ። ቤቷን ተሸክማ ስለምትሄድ ቀንድ አውጣ ብያታለሁ። መጋረጃዋን እንኳ ቀይሬላታለሁ!

ግን ጅራቷን እየቆላች ወደ ደርባን የሚያወርደውን፣ ቫን ሬነን የሚባለውን ቁልቁለት አንወርድም። ካልወረድን ምሕረት ልጇን ለማን ታስይዛለች? አምስት ቀን አለን።

ማክሰኞ

ታምራት ለሽማግሌው ደወለ። ሁለት ጥያቄ ነበረው፤ አንድ ስለ ጅራቷ፣ አንድ ስለ ፍሪጇ (ስንሰካት ጠቅ ብላ ትጠፋለች)። የሽማግሌው እንግሊዝኛ ጉሮሮው ውስጥ ነው የሚቀረው። ከሁሉም አንድ ቃል ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ስታቢላይዘር። "ስታቢላይዘር ግዙ፣ ሁሉም ይረጋል።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለ ታምራት። ስልኩን ዘግቶ ጃኬቱን አነሳ።

ስታቢላይዘር የማያውቅ አበሻ ደግሞ የት አለ? እናቴ ቤት ከፍሪጁ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ፣ መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር። ታምራት ከሰዓት በኋላ ከጄፒ ትልቁን አይነት ተሸክሞ መጣ። ወገቡን ይዞ "ከአሥር ኪሎ አያንስም" አለ። ተሰካ፣ ቀይ አምፖሏ በራች፣ ፍሪጇ ሠራች። አጨበጨብኩለት። እውነቴን ነው።

ለጅራቷም የራሱን መድኃኒት አገኘላት። "ኋላዋ ቀሎ ነው። ባዶ ባኪ ኋላው ሲዘል አላየሽም?" ብሎ ለምሕረት የምንወስደውን ጤፍ፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የውሃ ጀሪካኑን ሁሉ ከኋላ መስኮቱ ሥር ደረደረው። እያነሳሁ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ኃጢአቱ የጋራ ነው።

ረቡዕ

አልማዝ ጠዋት ደወለች። ጄፒ ላይ ብርድ ልብስ የምትሸጠዋ፣ ወሬ ካልነገረች ቁርስ የማይወርድላት። "ስሚ፣ ቤት ለቃችሁ በጎማ ቤት ልትኖሩ ነው አሉ! ምነው ባትነግሩኝ?" ማን አለ ስላት "ሰው" አለች። ሰው ማለት እሷ ናት።

ከዚያ ቶውባራችንን፣ መጎተቻ ብረቱን፣ ልናስፈትሽ ሮዘተንቪል ሰፈር ሄድን፣ ማ ኖምሳ ጋ። ቶውባር የምትገጥም ሴት ናት፣ ስድሳ የተጠጋች፣ ቱታ ለባሽ፣ ማስኳ ላይ ግራሶ ያለባት። መንገዱን በኤሊ ፍጥነት ነዳን።

"ሳውቦና ማማ" ብሎ ሰላም አላት ታምራት፣ ለደንበኞቹ እንደሚለው።

"ዬቦ ቡቲ።" ወንድሜ ማለቷ ነው። ከባኪው ሥር ገባች፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካች፣ ወጣች። "ቶውባርህ ደህና ነው። ስታቢላይዘርህስ?"

ታምራት ደረቱን ነፋ። የካራቫኗን በር ከፍቶ አሳያት። ቀይ አምፖል፣ ጥቁር ሣጥን፣ እኔም ከላዩ ያለበስኩት ዳንቴል።

ማ ኖምሳ አየችው። እኛን አየችን። እንደገና አየችው። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ትስቅ ጀመር። ማስኳን አወለቀች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ሠራተኞቿን ጠርታ አሳየቻቸው።

"ቡቲ፣ ይሄ ለፍሪጅ ነው። እኔ የጠየቅኩህ መንገድ ላይ የሚይዛትን ነው።"

"ሁሉም ይረጋል ብሎኛል እኮ ሽማግሌው!"

"ፍሪጅህ ይረጋል። ሚስትህ ግን ትጮኻለች።"

ለካ የካራቫን ስታቢላይዘር ሌላ ነው። ባኪውንና ካራቫኗን አጥብቆ የሚያያይዝ፣ ካራቫኗ ወደ ጎን ልታመልጥ ስትል በሰበቃ የሚገታት ብረት። ያንን አላየንም፣ አልሰማንም፣ እናውቃለን ብለን ነበር።

ቀጥላ ከባኪው ፈታቻት። የካራቫኗን አፍንጫ፣ ከባኪው የምትያያዝበትን ጫፍ፣ በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው! በአንድ እጅ! "ይኸውላችሁ፣ ኋላዋ ከብዶ አፍንጫዋ ቀሏል። ጅራት የሚቆላው እንዲህ የተጫነ ነው።"

ታምራት ፊቱ ጠቆረ። "እኔ አሥራ አምስት ዓመት ጭኛለሁ።"

"ባኪ ነዋ የጫንከው። ባኪ ላይ ከባዱን በሩ ጋ ታደርጋለህ፣ ቶሎ እንዲወርድልህ። ይህች ግን ተሳቢ ናት።" ወደ እኔ ዞረች። "ሲሲ፣ እህቴ፣ ጭነት አስተዳደግ ነው፣ ስታቢላይዘር ፖሊስ ነው። ያላሳደግሽውን ልጅ ፖሊስ አያሳድግልሽም።"

ይህችን አባባል ለምጽፍበት መጽሔት አምድ ሰርቄያታለሁ። የሣጥኑን ነገር ግን አንባቢ አይሰማትም። አልማዝም!

ሐሙስ

ዛሬ መምረጥ ነው። ማ ኖምሳ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረችልን፣ እኔም እንደ ተማሪ ጻፍኩ።

ክብደት የሚያከፋፍለው፣ ሁለት ረጃጅም ክንድ ያለው። ለትልልቆቹ ነው። የእኛን አሮጌ ብረት ያጎብጠዋል አለች። ቀረ።

ካራቫኗ የምትሰካባትን የቶውባሩን ኳስ እንደ መዳፍ ጨምቆ የሚይዘው። ቆንጆ ነው፣ አዲስ ነው፣ አንድ እጀታ ብቻ ተጭኖ አለቀ። ታምራት ዓይኑን ጥሎበታል። ግን ኳሷ አንገቷ ረዘም ያለ መሆን አለባት፣ የእኛዋ አጭር ናት። ደግሞ ደረቅ መሆን አለባት። ታምራት እሑድ "እንዳትዝግ" ብሎ ግራሶ ለቅልቋታል። "በቅባት እጅ ማን ምን ይይዛል?" አለች። ረጅሟ ኳስ ደግሞ ገና አልደረሰችም። የት ናት? ደርባን ወደብ! እኛ ልንደርስበት በሞትንለት ከተማ!

ሦስተኛው እንደ ባሌስትራ ያለ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ነው። አንድ ጫፉ ቶውባሩ ላይ እንደ ፍሬን ሸክላ ባለ ሰበቃ ይጠብቃል፣ ሌላው ጫፉ የካራቫኗ መጎተቻ ምሰሶ ላይ ባለች ቀለበት ውስጥ ይንሸራተታል። መልኩ አያምርም። ከመንዳት በፊት ማጥበቅ፣ ወደ ኋላ ከመሄድ በፊት ማውለቅ አለው።

ታምራት "ይሄ የአያቶች ነው" አለ።

"አያቶች ሆነው የደረሱት ማን ይዟቸው ይመስልሃል?" አለችው።

ባሌስትራው ተመረጠ። እስከ ቀትር ተገጠመ፣ ድል ቁጥር አንድ! የታምራትንም መንጃ ፈቃድ ጠይቃ አየች፤ ለተሳቢም ይሠራል። ድል ቁጥር ሁለት።

የመጨረሻ ትእዛዟ ግን እኔን አስደነገጠኝ። "ቤት የሰው መመዘኛ ሚዛን አላችሁ? አፍንጫዋን መዝኑ። ሰባ አምስት ኪሎ አካባቢ፣ ከመቶ በፍጹም አይለፍ።"

ሚዛን አለን። ከሚያዝያ ጀምሮ አልጋ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን የሚያውቀው ቀሚሴ ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 22

ሚዛኑ ወጣ። ታምራት መጀመሪያ ራሱ ቆመበት፣ ወረደ፣ "ተበላሽቷል" አለ። ወፍራም እንጨት ላዩ አቁመን የካራቫኗን አፍንጫ አሳረፍንበት።

ሠላሳ ስምንት። እውነትም ላባ ናት!

ጤፉን ከኋላ አንስተን ከጎማዎቹ በላይ፣ ወለሉ ላይ አስተኛነው። ውሃውን ደፋነው፤ ደርባን ውሃ አለ። በርበሬውና ሽሮው መሃል ገቡ። ድስቶቹ ወደ ፊት ሣጥን። ስልሳ አንድ። ብርድ ልብሶቹ ወደ ፊት። ስልሳ አራት። የልጅቷ ስጦታ፣ ያ ሁሉ ልብስ፣ ወደ ፊት። ስልሳ ስምንት። ከዚያ የሚጨመር ጠፋ። እኔ "ይበቃል" ስል እሱ "ሰባ አምስት ብላለች" ይላል። ከትናንት ወዲያ አልሰማም ያለው ሰውዬ!

ድንገት ወደ ቤት ገባ። ሲመለስ ያን ጥቁር ሣጥን አቅፎ ነው። አፍሮ ሊመልሰው ቢወስደው ሱቁ አልቀበልም ብሎት ኮሪደር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ስንዘለው የነበረውን። አላየኝም፣ አላየሁትም። ፊተኛው ሣጥን ውስጥ ሸጎጠው።

ሰባ ስድስት።

እያፏጨ ነው እጁን የታጠበው።

ከሰዓት በኋላ አውራ ጎዳናው ላይ ሞከርናት። የጭነት መኪና አለፈን፤ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ዝም አለች። ጮህኩ፣ በደስታ! ምሕረት ስልኩ ላይ አለቀሰች። "ስትደርሱ ነው የማምነው" አለች።

ቅዳሜ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሳን። ሃይደልበርግ የምትባል ከተማ ላይ ቆመን ባሌስትራውን እንደገና አጠበቅን። ሰማንያ አምስት ላይ ነው የምንነዳው፤ ታክሲው፣ ባሱ፣ ዶሮ የጫነው ሁሉ ያልፈናል። አንዱ የታክሲ ሹፌር በመስኮት "ጎጎ!" ብሎኝ አለፈ። አያቴ ማለቱ ነው። የአያቶቹን ብረት አይቶ መሆን አለበት፣ እኔንማ አይደለም።

ሃሪስሚዝ ላይ ንፋስ ተነሳ። የደረቀ ሣር ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ከዚያ ቫን ሬነን። ታምራት ከአናቱ ላይ ማርሹን ቀነሰ፣ የአስም መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሳበ፣ "ጸልዪ፣ ግን አታውሪኝ" አለኝ። መሃል ቁልቁለቱ ላይ ባለ ሁለት ተሳቢ መኪና በቀኛችን መጣ። ረዘመ፣ ረዘመ፣ አያልቅም። ንፋሱ መታን። ካራቫኗ ወደ ግራ አለች።

ተመለሰች። ግራ፣ ከዚያ መሃል። ቀኝ የሚባል የለም። አንድ ጊዜ ብቻ!

ታች ሜዳው ላይ ታምራት መሪውን በአንድ እጁ ያዘ። "የትኛው ስታቢላይዘር ነው የያዛት?" አለኝ።

"ዝም ብለህ ንዳ።"

ምሕረት ግቢ ስንገባ ወደ ኋላ ሊያስገባት ማርሽ ከተተ። "ብረቱ!" ብዬ ጮህኩ። ወርዶ አወለቀው። ምሕረት በር ላይ ቆማ፣ ሁለት ሜትር ርቃ፣ ልጅቷን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ አሳየችን።

እሑድ፣ መስከረም 24

ወለተ ማርያም ተብላለች። ከውሃው ስትወጣ እኔ ነኝ የተቀበልኳት። እርጥብ ናት፣ ታዳልጣለች፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ትላለች፣ ጩኸቷ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ወደ ደረቴ አስጠጋኋት፣ ከበድ ያለውን ወገን ወደ ፊት፣ ጠበቅ አድርጌ። ዝም አለች። ታምራት ከውጭ፣ አየር ካለበት፣ በመስኮቱ እያየ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ማስኩ በእንባ ርሶ እንደነበር ለማንም አልናገርም። እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ምሕረት ከሰዓት በኋላ ማስክ አድርጋ ካራቫኗን ልታይ ገባች። ፊተኛውን ሣጥን ከፈተች። "ውይ፣ ስታቢላይዘር! የኔ ፍሪጅ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እየጮኸ ነው፣ የልጅቷ መድኃኒት አለበት። ለእኔ ነው ያመጣችሁት?"

ታምራት እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን።

"ለአንቺ ነው እንጂ!" አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን አከከ። "ግን ለመመለሻ አሥር ኪሎ የሚሆን ምን አለሽ?"

"አናናስ" አለች ምሕረት።

ነገ ጠዋት ሚዛኑን አውጥተን አናናስ እንመዝናለን። ተራራው ላይ ንፋሱ አልበረደም ይላሉ።