ምንም አልሆንኩም

ማክሰኞ፣ በወሩ አሥራ ሁለት
ሆስፒታል፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ

የዓይኔ ብርሃን፣ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጽሑፌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ አትፍረጂበት። ምክንያቱን ስነግርሽ በእኔው ትፈርጃለሽ።

በስልክ ስትጠይቂኝ ሁሌ "ምንም አልሆንኩም" እልሽ የለ? ያንኑ ለሐኪሙም ስለው ከረምኩ።

ለሳንባ ካንሰር የሚሰጠውን ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት ለማሻሻል በሚደረግ ጥናት ውስጥ እንደገባሁ ነግሬሻለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች ትንሽ መጠን ይሰጣል፤ እነሱ ከቻሉት ለሚቀጥሉት ይጨመራል። አባትሽ ከመጀመሪያዎቹ ነው። ጥናቱ ሁሉ የተንጠለጠለው ከአፌ በሚወጣው ቃል ላይ ነበር፤ አፌን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ዕድሜ ልኬን የስፖርት አስተማሪ ሆኜ፣ ጉልበቱ ተልጦ የሚያለቅሰውን ተማሪ ሁሉ "ተነሥ! ምንም አልሆንክም!" እያልኩ ፊሽካ ስነፋ የኖርኩ ሰውዬ፣ አንዲት ቀጭን የመድኃኒት ቱቦ አሸነፈችኝ ልበል? እዚህም የሚጠሩኝ "ፊሽካ" እያሉ ነው።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጣቶቼ ደነዘዙ። ማንኪያ ከእጄ ሲወድቅ ጥፋቱን በማንኪያው አላከክሁ። ነርሷ "አባባ፣ የሚያቃጥልዎት፣ የሚደነዝዝዎት ነገር አለ?" ስትለኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ "እኔን? ወይ ፍንክች!"

ሐኪሙ ደስ አለው። እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር "ጀግናችን ይኸውላችሁ" ይል ጀመር። እኔም፣ አያድርስ ነው፣ እንግዳ የሚመጣበትን ቀን እያጠያየቅሁ ጺሜን መላጨት ያዝኩ። አብረውኝ የጀመሩት ሁለቱ ሰዎች "ፊሽካ ካልጮኸ እኛ ምን ቆርጦን!" ብለው አፋቸውን ለጎሙ። በሳይንስ ፊት ሦስት ጀግኖች ተሰለፍን። መጠኑ ተጨመረ።

ጭማሪው ያረፈው ከኛ ቀጥሎ ጥናቱ ውስጥ በገባው ልብስ ሰፊ ላይ ነው። ከጎኔ የተኛ ተረበኛ ነው፤ የክፍሉን ሁሉ ፒጃማ በነፃ ይጠግናል። ባለፈው ሳምንት መርፌ አነሣና ክር ሊያስገባ ሞከረ። በምላሱ አርጥቦ ደግሞ ሞከረ።

"ጋሼ ፊሽካ፣ መርፌዬ የት ወደቀች? አየህልኝ?"

አየሁለት። ጣቱ ላይ ተሰክታ ቆማለች። አልተሰማውም።

ሐኪሙ መጥቶ መረመረውና ወደኔ ዞር ብሎ፣ "አይ፣ ሁሉ ሰው እንደ እርስዎ አይበረታም" አለኝ። ልጄ፣ በጥፊ ቢያጮለኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ እሷም ተጸየፈችኝ መሰለኝ፣ አልተከፈተችም።

"ዶክተር፣ የኔም ጣቶች ከደነዘዙ ቆዩ" አልኩት።

"ለምን አልነገሩኝም?"

 መጠኑ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ጭማሪውን ሊጀምሩ የነበሩት ተርፈዋል። የልብስ ሰፊው ጣት ይዳን አይዳን ግን ሐኪሙም አያውቅ። ጀግንነቴም ተሽሯል፤ እንግዶቹ አልጋዬን ዘለው ያልፋሉ።

ለሐኪም መናገር ቀላል ነበር። ለልብስ ሰፊው የነገርኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ያንተ ኩራት በኔ ጣት ተሰፋ በለኛ" አለ።

"ይቅር በለኝ።"

"እሱን ገና አላሰብኩበትም። ለጊዜው ሚስቴ ልትጠይቀኝ እየመጣች ነው፤ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ ሸሚዜን ቆልፍልኝ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፏን ስይዛት ታመልጠኛለች። እሱ ቀዳዳውን ይወጥርልኛል፣ ይለቀዋል። ሁለት ሽማግሌ አንዲት ቁልፍ አቃተን። ሚስቱ በሩ ላይ ስትደርስ አንዷን ቆልፈን ነበር፣ እሷንም ያለ ቀዳዳዋ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ የቆለፍኩትን ፈትታ እንደገና ጀመረች። እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን ያያል። እጄን የማደርግበት አጣሁ።

ሌላ ወሬ የለኝም። ሐኪሙ "የሚቀጥለው ሳምንት የሳንባዎን ፎቶ ስናይ አብሮዎት የሚቀመጥ ሰው አለ?" ሲል ጠይቆኛል። ልጄ ሩቅ ናት፣ ሥራ ይበዛባታል አልኩት። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ፈጣሪ በመንገድሽ ይቅደም፤ እጅሽ የያዘውን አይልቀቅ።

አባትሽ