ለመንገደኛው ራስ የተጠራቀመ ዘይት

ለናፍቆቴ ለወንድሜ ለዳውድ፣ ገዳሪፍ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንደምን ነው? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ሳልህስ ተወህ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ አለን ስልህ ግን ሁላችንም አይደለን። እማዬ ባለፈው ወር ወደ አኺራ ሄዳለች። ቆመህ እያነበብህ ከሆነ ተቀመጥ፣ ወንድምዓለም። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ይሁን ብዬ፣ በነጋዴ እጅ ስለሆነ የምልከው ሳልፈራ ጻፍሁልህ።

አርበኞች አሻግረሃል ተብለህ ከሸሸህ በኋላ ጣሊያን የሐይቁን ዳር ታንኳ ሁሉ አቃጠለ። ዓሣው ቀረ፤ ከቆላ ድባ ተሻግሮ የሚመጣው እህልና ኑግም ቀረ። ያን ጊዜ በየማሳው ዳር የሚበቅለውን፣ ራሱ ደም የመሰለውን አሉማ ለቀምን። ፍሬው እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ቆልተን ፈጭተን ገንፎ አደረግነው። ጎረቤታችን የሺአረግ አፏ እንደማያርፍ ታውቃለህ፤ የዶሮ ቀለብ ጀመሩ እያለች ስትስቅብን ከርማ፣ ኋላ ራሷ ወንፊት ይዛ መጣች።

የጣሊያን የእርሻ ሹም እፍኝ ወስዶ አስመርምሮ ነበር። አስተርጓሚው ወልደ ዮሐንስ እንደነገረን፣ ከመቶው እጅ ስድሳው ገንፎውን የሚያወፍር፣ ዐሥራ አምስት ያህሉ ሥጋ የሚሠራ፣ ሰባቱ ዘይት ነው፤ ለደምና ለአጥንት የሚሆንም አለበት። እማዬ፣ «ሰባቷንስ አውቃታለሁ፤ ክንዴን የጨረሰችው እሷ ናት» አለችው። እውነቷን ነው። የራሷን ድርሻ ወቅጣ በፍል ውሃ እየመታች፣ ላይ የምትንሳፈፈዋን ዘይት በላባ እያነሳች በብልቃጥ ታጠራቅም ነበር። በእኛ ቤት ከመንገድ የተመለሰ ልጅ ራሱን በእናቱ እጅ ሳይቀባ አይገባም፤ ቅቤ ደግሞ የለም። የዳውዴ ራስ ደርቆ አይገባም ትል ነበር። እኛ ገንፎውን ስንበላ እሷ ዝቃጩን ትጠጣለች።

አንተ ስትወጣ በሆድ የነበረችው ልጅህ ሙኒራ ግን ከሳች፤ የዘይነትህ ጡት ደርቆ ነበር። እማዬ ልጅቱን አየቻትና ብልቃጡን ከፈተች። ዘይነት እጇን ይዛ፣ «የዳውድ ነው እኮ!» ብትላት፣ «ይችስ የማን ናት?» አለቻት። በየገንፎው ጠብ ታደርግላት ጀመር። ሙኒራ ነፍስ ዘራች፤ ዛሬ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። እማዬ ግን አልቃ ነበር። ስትደክም ጠርታኝ፣ ሲመጣ ራሱን በእጅሽ አብሺልኝ፣ ደረቅም ቢሆን አለችኝ።

ዘይነት ሰላም ብላሃለች። አጎታችን ሙሀመድአወል ዱዓ ያደርጉልሃል። የሺአረግ እንኳ ከቀብር ወዲህ አፏ ተይዞ፣ ሰላም በይልኝ ብቻ አለች።

ብልቃጡን ልልክልህ ጠቅልዬው ነበር። ሙኒራ ፈትታ አወጣችው፤ የባዶውን ብልቃጥ አፍ እየጠባች አልለቅም አለች። ተውሁላት።

እህትህ ከሪማ
ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.