ቢስኩትን ያላበጠርኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

ዛሬም መጀመሪያ የተበጠረው እሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ለመስክ ሥራ የሚወጡት ባለሙያዎች ውስጥ ሆነው ሰዓት ያያሉ። ሾፌራቸው፣ ማለትም ባሌ ማቴዎስ፣ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ውሻ ያበጥራል። ከጆሮው ጀርባ፣ ከዚያ ብብቱን፣ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ። እኔ የተቀቀለ ጎደሬ፣ የእኛን ቦይና፣ ከሚያቃጥል ዳታ ጋር ይዤ ቆሜያለሁ። ቀዘቀዘ። ቆሞ ሁለት ጊዜ ጎረሰና «አስቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ውሻውን ግን ግንባሩን ስሞት ነው የሄደው።

ለሥራ ቢጠና ከተማ ነው የሚሰነብተው። የሚመለሰው የሚመጣው ማክሰኞ ነው።

ይህን የምጽፈው ለማንም ልናገረው ስለማልችል ነው። አርባ ሊሞላት የቀረበ የባዮሎጂ መምህርት በውሻ ቀናች ቢባል ሶዶ በሙሉ ይስቅብኛል።

ቢስኩት ግማሹ ፑድል ነው ይላሉ። ሌላውን ግማሽ ባለቤቱም አታውቀውም ነበር። ባለቤቱ ዶክተር ሊንዳ የምትባል እንሰት የምታጠና ፈረንጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ማቴዎስ ነበር የሚነዳላት። ግንቦት ላይ አገሯ ስትመለስ ውሻውን ለእሱ ትታለት ሄደች። ለእናንተ አላለችም። ለእሱ።

የዚህ ውሻ ፀጉር እንደ ሌላው አይረግፍም። ያድጋል፣ ይጠቀለላል፣ ካልተበጠረም እርስ በርሱ ይያያዛል። አማቴ መጀመሪያ ቀን ስታየው «ካና ነው ወይስ በግ? በግስ ይታረዳል!» አለች። ካና በወላይትኛ ውሻ ማለት ነው። እኔ ብቻ ሳቅሁ፤ ማቴዎስ አልሳቀም።

ዛሬ ሲወጣ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ሰጠኝ፦

1. በየቀኑ እስከ ቆዳው ድረስ ይበጠር። ላይ ላዩን ብቻ አይሆንም።
2. ዝናብ ከነካው ወዲያው ይድረቅ።
3. ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ።
4. ዓይኑ ሥር ያለው በለብታ ውሃ ይጠረግ።
5. ሻምፖው የራሱ ብቻ። በሳሙና እንዳታጥቢው።

ለእኔ የተጻፈ ስድስተኛ ቁጥር ካለ ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ባዶ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ዳሞታ ተራራ ከነአካቴው አይታይም። ልጃችን ምሕረት ለክረምቱ አያቷ ዘንድ አረካ ስለሄደች ቤቱ ጭር ብሏል። እኔና እሱ ብቻ ተፋጠናል።

ጓሮ ወጥቶ ቀይ ጭቃ ለብሶ መጣ። ላደርቀው የዕቃ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሳጥን አለው! ሁለት ዓይነት ማበጠሪያ፣ መቀስ፣ ፎጣ፣ በአውቶቡስ ሾፌር ከአዲስ አበባ የሚያስመጣለት ሻምፖ። የሻምፖውን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ያናድደኛል። እኔ ከፋሲካ ወዲህ ፀጉር ቤት ደርሼ አላውቅም።

ከፎጣው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። እንግሊዝኛ ነው፣ የእሷ ጽሕፈት። ማቴዎስ የሰጠኝ ትእዛዝ የተገለበጠው ከዚህ ነው ለካ። ከአንድ እስከ አምስት ያው ነው። ከሥሩ ግን እሱ ያልገለበጠው አንድ መስመር አለ፦

«ማቴዎስ፣ እንዳንተ ያለ የዋህ እጅ አይቼ አላውቅም።»

ቁጭ አልኩ። ደግሜ አነበብኩት።

አሥራ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ያ እጅ መሪ ሲይዝ፣ ጎማ ሲፈታ፣ ምሕረትን ሲያቅፍ አይቻለሁ። የኔን ፀጉር አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። ሌላዋ ግን የእጁን ጠባይ ታውቃለች። የት አወቀችው? ውሻ ላይ ነው እንበል። እንበል።

ማበጠሪያዎቹን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ውሻው እንደረጠበ ተኛ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

አላበጠርኩትም።

ማቴዎስ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። የመጀመሪያ ቃሉ «ቢስኩት እንዴት ነው?» ነበር።

«ደህና ነው» አልኩት።

«እያበጠርሽው ነው?»

«አዎ።»

«እስከ ቆዳው?»

«እስከ ቆዳው።»

ከዚያ «አንቺስ?» አለ፣ መስመሩም ተቋረጠ። መልሴን አልሰማም። 

ዋሽቼ አላውቅም አልልም። ግን እንዲህ ሳልደናቀፍ መዋሸቴ ገረመኝ። እሱ ወረቀት ደብቆብኛል፣ እኔ ደግሞ ዋሽቼዋለሁ፤ እኩል ነን ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማታ ጸሎት ላይ ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7

ቀበሌ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ተጠርተን ግማሽ ቀን ተቀመጥን። ስለ መደራጀት ሲወራ እኔ የማስበው ስለዚያ መስመር ነው። «የዋህ እጅ።» ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌው አገኘሁ። አጠገቤ ያለችው እንዳታይ ሠረዝኩት።

ስመለስ ቢስኩት በር ድረስ አልመጣም። ጆሮውን በኋላ እግሩ ይፎክታል። ነካ ሳደርገው ከጆሮው ጀርባ ያለው ፀጉር ጠጥሮ እንደ ከረጢት ቁራጭ ሆኗል። ብብቱም እንዲሁ። ደነገጥኩና ማበጠሪያውን አወጣሁ። አንዴ ሳብ ባደርገው ጮኸ። እንደ ሰው ነው የጮኸው። ተውኩት።

ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው! ሦስት ቀን ተኩል።

የሞቀ ወተት አቀረብኩለት። አልጠጣም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ይሸታል። ጠዋት ፀጉሩን በጣቴ ገልጬ ለማየት ሞከርኩ፤ ከሥር ቆዳው ቀልቷል፣ ይረጥባል። በጃንጥላ ከልዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። የባጃጁ ሾፌር «ልጅሽ ታሞ ነው?» ሲለኝ አዎ አልኩት። ማስረዳት ታከተኝ።

ክሊኒኩ ላይ ወረፋው ሁሉ ላምና በሬ ነው። አንድ ገበሬ አባት ፎጣውን ገልጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ምን ይሠራል? ቤት ይጠብቃል?» አሉኝ።

«አይ አባባ። ይበጠራል።»

ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ።

ባለሙያው ጥሩ ሰው ነው። ጓንት አድርጎ ቀስ ብሎ አየው። «የተቋጠረው ፀጉር ቆዳውን እየጎተተ አቁስሎታል። እርጥበቱ ደግሞ ታምቆበታል። ቅባት እሰጥሻለሁ፣ ግን ፀጉሩ ካልወረደ ቅባቱ የት ይደርሳል? ዛሬ ነገ ሳትዪ አስላጪው» አለኝ።

«የት ነው የማስላጨው?»

«እሱን እኔም አላውቅም፣ እህቴ። ውሻ ሲላጭ በዚህ ከተማ አይቼ አላውቅም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ሳይበጠር የቀረው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ባሌ መንገድ ላይ ነው አልኩት። እውነት ነው። መልስ ግን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

መጀመሪያ የሄድኩት መንገዱ ዳር ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ የዛሬ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ነው፤ አሁን ሚስትም ልጅም አለው። ቢስኩትን ሲያይ ከወንበሩ ጀርባ ሸሸ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ ቶንዶስ ውሻ መላጨቴን ሰው ካወቀ ነገ ማን አንገቱን ይሰጠኛል?»

እውነቱን ነው። አልተከራከርኩትም።

ቀጥሎ ትዕግሥት ጋ ሄድኩ። ጎረቤቴ ናት፤ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ደንበኞቿን ሸኝታ ወደ ጓሮ አስገባችን። «ያረጀ ቶንዶስ አለኝ፣ ልጥለው ነበር። አንቺ ያዢው፣ እኔ ልሞክር» አለች። ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ አነጠፍን። ጀርባውን ጀመረች። ፀጉሩ ተቆርጦ አልወደቀም፤ አንድ ላይ እንደ ቆዳ እየተገለበጠ ወረደ። ቢስኩት ይንቀጠቀጣል፣ አፉን ብብቴ ውስጥ ቀብሯል። ሊነክሰኝ ይችል ነበር። አልነከሰኝም።

ጀርባውንና አንዱን ጎኑን እንደጨረሰች መብራት ጠፋ።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሁለት ሰዓት። አልመጣም። በአንድ ወገን በግ፣ በሌላው ወገን አይጥ የመሰለ ውሻ አቅፌ ሰፈሩን ሁሉ አቋርጬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሴቶች ከየደጃፋቸው ወጥተው አዩን። አንዷ «እሰይ፣ ማቴዎስ ሲመጣ ጉድ ፈላ» አለች። ሰምቻለሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 10

ቸርች አልሄድኩም። ትዕግሥትም ስለ እኔ ብላ ቀረች። መብራቱ እስከ አሁን አልመጣም። በመቀስ ጨረስነው፤ አራት ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ መቀሱን ከእጇ ተቀበልኳት። በጆሮውና በብብቱ በኩል ቆዳና ፀጉሩ የት ላይ እንደሚለያይ ለማወቅ በጣት መዳሰስ፣ መጠበቅ፣ ጥቂት ጥቂት መቁረጥ ያስፈልጋል። ቸኩለሽ አይሆንም። ተናደሽም አይሆንም። ማቴዎስ በየቀኑ ይህን ሲያደርግ ምን ያህል ዝም ይል እንደነበር ትዝ አለኝ።

ያ ሁሉ ፀጉር ሲወርድ ከሥሩ የወጣው ነገር ትንሽ ነው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። በዚህ ነው እንግዲህ ስቀና የከረምኩት።

አለቀስኩ። ለትዕግሥት ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ቁምሳጥኑን፣ ውሸቱን። አልሳቀችብኝም። «ስንት ሴት ፀጉር ቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምታወራኝን ብነግርሽ፣ ያንቺ ቅናት ጤናማ ነው» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለማቴዎስ ግን ቆዳው በሽታ ያዘው በይው። ማን ያውቃል?»

ሐሳቡ ጣፈጠኝ። አልደብቅም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11

ቅባት ጠዋትና ማታ። ቁስሉ እየደረቀ ነው። ወተቱን ጠጣ! ሁለት ጊዜ።

ይበርደዋል። የምሕረትን የሕፃንነት ሹራብ ፈልጌ አለበስኩት። ቀኑን ሙሉ እግር እግሬን ሲከተለኝ ዋለ። ይህን ያህል በድዬው ለምን እንደሚከተለኝ አልገባኝም። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርኩ።

ነገ ይመጣል። የምለውን አሥር ጊዜ አጠናሁት። «በሽታ ያዘው።» አጭር ነው፣ ይመቻል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 12

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ቢስኩት ሮጦ ሲወጣለት ማቴዎስ «ይሄ የማን ነው?» አለ። ከዚያ የውሻውን ድምፅ ሲሰማ ቦርሳው ከእጁ ወደቀ።

ተንበርክኮ ሹራቡን ገለጠ። ጆሮውን አየ፣ ብብቱን አየ። «ምን አገኘው?»

ያጠናሁት ቃል አፌ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ከማክሰኞ ጀምሮ ማበጠሪያውን ቆልፌበት ነበር። አበጥሬዋለሁ ያልኩህም ውሸት ነው።»

«ለምን?»

ወረቀቱን አምጥቼ ሰጠሁት። የመጨረሻዋን መስመር በጣቴ አሳየሁት። 

«ከእሷ ጋር ሌላ ነገር አለህ ብለሽ ነው?»

«አላውቅም። አንድ ቀን አለ እላለሁ፣ አንድ ቀን የለም።»

«የለም አስቱ። በልጄ።» ከዚያ ተቆጣ። ብዙ ጊዜ የማይቆጣ ሰው ሲቆጣ ያስፈራል። «በእኔ ላይ መጮህ ነበረብሽ! እኔ አፍ አለኝ፣ እመልስልሽ ነበር። እሱ ምን አፍ አለው?»

 እውነት ነው።

ሹራቡን መልሶ እያለበሰው፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዳሁ» አለ። «ዘገየህ ይሉኛል፣ ነዳጅ ፈጀህ ይሉኛል፣ ጉድጓድ ውስጥ ከተትከን ይሉኛል። ጥሩ ሠራህ ብሎ የጻፈልኝ አንድ ሰው የለም። ለዚያ ነው ያስቀመጥኩት። እሷ ስለጻፈችው አይደለም። ስለተጻፈ ነው።»

እኔስ ብዬው አውቃለሁ? ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁ። በግ ገዝቶ ሲያመጣ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሲጠግን፣ ምሕረት ስትወለድ። ብዬው አላውቅም። እሱም ብሎኝ አያውቅም። ይህንን ነገርኩት፤ እኔም ተራዬን መናገር ነበረብኝ። «አዎ» አለ። «እኔም አላልኩሽም።»

ተቃቅፈን አላለቀስንም። እራት በላን። ቅባቱን ሊቀባው ሲነሳ አብሬ ተነሳሁና እኔ ያዝኩለት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 13

ከቢሮ ሲመጣ አንድ የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ። የዶክተር ሊንዳ ኢሜይል ነው። የቢስኩትን ፎቶ ላክልኝ ትላለች። የፀጉሩን ነገርም ትጠይቃለች።

«አንቺ መልሺላት» አለኝ ማቴዎስ። «የኔ እንግሊዝኛ መንገድ ከማሳየት አያልፍም።»

«ምን ልበላት?»

«የሆነውን።»

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። የመጀመሪያው ላይ ራሴን ነፃ አወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ነካ አደረግኋት፤ ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስደግመው አስጠላኝ። ሦስተኛው ይቅርታ ብቻ ሆነ። አራተኛው አጭር ነው፦ ፀጉሩ ተቋጠረ፣ ቆዳው ቆሰለ፣ ላጨነው፣ እየዳነ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ ማቴዎስ እጅ የጻፍሽው እውነት ነው።

ያችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እንደገና ቀናሁ። ይህ ነገር በአንድ ሳምንት የሚለቅ አይመስለኝም። ትንሽ ቀለል ብሏል፣ እሱንም ነገ አየዋለሁ።

ከታች «የማቴዎስ ሚስት» ብዬ ጀምሬ ሠረዝኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

አስቴር ብዬ ፈረምኩ።